የልደታ ጽዋ ከፖንቴ ሮቶ ሥር

የልደታ ማኅበር ጽዋ ሦስት ጊዜ ዘለለኝ። ተራዬ ደርሶ፣ ሰው እያየ፣ በፊቴ አልፎ ለሌላ ተሰጠ። ምክንያቱ «ቤት የለህም» የሚል ነበር። በኋላ ሌላም ሌላም ጨመሩበት፤ መጀመሪያ የተባልኩት ግን ይኸው ነው፤ ቤት የሌለው ሰው የማርያምን ጽዋ አይቀበልም።

ይህ የሆነው ሮም ውስጥ ነው፣ በደርግ ዘመን። ከነበሩት ሰዎች ግማሾቹ አርፈዋል። የቀሩት ሲጠየቁ «ኧረ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ሁላችን እንደ ወንድምና እህት ነበርን» ይላሉ። ነበረ። የምጽፈውም ስለነበረ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ሪዜ ሽበት ማውጣት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ቢያነክስ የሚያነብ ሰው ይቻለው። ነገሩ ግን አያነክስም።

በዚያን ጊዜ ሮም የነበርነው ኦርቶዶክሶች እንደ አሁኑ ብዙ አልነበርንም። የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ በጣልያን ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ፣ ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ የሆነ። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳችን ቄስ አልነበረንም። ስለዚህ ተሰባስበው በልደታ ስም የጽዋ ማኅበር አቋቋሙ። በየወሩ አንድ ሰው ይደግሳል፤ ጸሎት ይደረሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሲያበቃ ደጋሹ ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። ጽዋው ከአዲስ አበባ በአንዷ ሻንጣ የመጣ፣ በነጭ ጨርቅ የሚሸፈን ትንሽ የሸክላ ዋንጫ ነው። ከሱ ጋር የሚሄደው ክብር ግን ትንሽ አይደለም። ጽዋውን የወሰደ ሰው ያን ወር ማርያም እሱ ዘንድ ናት ይባላል።

የማኅበሩን አለቃ ሙሴ እንለዋለን፤ አገር ቤትም ወጉ እንደዚያ ነው። የኛ ሙሴ ከብዙዎቻችን ቀድሞ የመጣ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ፣ አምስተኛ ፎቅ በራሱ ስም የተከራየ ሰው ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። በዕድሜም ይበልጠኛል። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱ የራሴ ነው።

እኔ የምሠራው ቴቬሬ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ከተማውን የሚያቋርጠው በሁለት ረጃጅም ግንቦች መሀል ሆኖ ነው። ግንቡ ሥር በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ አለ። በብርዱ ወራት ወንዙ ሲሞላ ያን መንገድ ይውጠዋል፤ ሲጎድል ጭቃውን፣ ግንዱን፣ ላስቲኩን ትቶ ይሄዳል። የተወውን መጥረግ ነው ሥራዬ። አሠሪዬ ካፖ የምንለው አንድ ሮማዊ ኮንትራክተር ነው። ግንቡ ጥግ ከፍ ያለ መደብ ላይ አካፋና ገመድ፣ የጀልባ መቅዘፊያም የሚያስቀምጥባት የቆርቆሮ ባራካ አለችው። ሌባ እንዳይገባ እኔ እዚያው አድራለሁ። ቤት የለህም ሲሉኝ ታዲያ ያቺን አልቆጠሯትም ማለት ነው። እኔ ቆጥሬያታለሁ። በር አላት፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከበሯ ላይ ስቆም ፊት ለፊት የማየው ፖንቴ ሮቶ የሚሉትን የድሮ ድልድይ ነው። ውሃው መሀል ብቻውን የቆመ አንድ የድንጋይ ቅስት። በግራም በቀኝም ከምንም ጋር አይገናኝም፤ መግቢያም መውጫም የለውም። አናቱ ላይ ሣርና የዱር በለስ በቅሎበታል፣ ነጫጭ የባሕር ወፎች ሰፍረውበታል። ከጎኑ አዲሱ የብረት ድልድይ መኪናና አውቶቡስ ተሸክሞ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ከበላይ በኩል ውሃው በአንድ ዝቅተኛ ግድብ ላይ ስለሚዘል ጩኸቱ ቀንም ሌሊትም አያቆምም።

ካፖው ታሪኩን ሲነግረኝ እንደ ሰፈር ወሬ አድርጎ ነበር። «የድሮዎቹ ሮማውያን ሠሩት። ጎርፍ መጣና ወሰደው። ሠሩት። ወሰደው። ደግሞ ሠሩት። አንዱ ፓፓ ሲያስጠግነው የዘሩን ምልክት፣ ያውና ዘንዶውን፣ አስቀረጸበት። ከዚያ ትልቅ ጎርፍ መጣና ግማሹን ጠርጎት ሲሄድ እጅ ሰጡ። ከተረፈው ላይ ደግሞ የብረቱን ድልድይ ሲሠሩ ቦታ ያዘብን ብለው አፈረሱ። አንዱን ቅስት ተዉት።»

«ለምን ተዉት?» አልኩት።

ትከሻውን ሰበቀ። «ሰልችቷቸው ይሆናል።»

በበጋ ውሃው ሲጎድል በጀልባ እንሄድና እግሩ ሥር የተሸጎጠውን ግንድና ቆሻሻ እናወጣለን። ቱሪስቱ ከላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሣው ፊቱን ነው፤ እኔ የማውቀው እግሩን ነው። ውሃው የላሰው ድንጋይ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል፤ ከሱ ከፍ ሲል ደግሞ እንደ ዳቦ ቅርፊት ሻካራ ነው። ሥንጥቁ ውስጥ እጅ ይገባል። እጄን አስገብቼ ገመድ ስስብበት፣ ይሄን ድንጋይ እዚህ ያስቀመጠው ሰው የኔ ዓይነት ሥራ ነበረው እላለሁ። ጀርባውን እያመመው፣ የሚጮህበት ካፖ ከበላዩ ቆሞ።

ሮቶ ማለት ሰባራ ነው። ስሙን አልወደድኩለትም። የተሰበረው ሄዷል፤ ወንዙ ወስዶታል፤ ሰባራ ማለት ከፈለጉ እሱን ተከትለው ይጥሩት። ይሄኛው የቀረው ነው። የቀረ ነገር ሰባራ አይባልም።

ጽዋው መጀመሪያ ሲዘለኝ ታገሥኩ። ሁለተኛ ሲዘለኝ ሰው ሲወጣ ሙሴን በር ላይ ያዝኩት።

«ሙሴ፣ ተራው የኔ ነበር።»

«አውቃለሁ። የት ልትደግስ ነው?»

«ሴቶቹስ የት ነው የሚደግሱት? እነሱም የሚያድሩት በሰው ቤት ነው።»

«ለነሱ እኔ ቤቴን እለቅላቸዋለሁ።»

«ለኔም ይልቀቁልኛ።»

ፈገግ አለ። «አንተ ደግሞ። የፎቁ ዘበኛ ሴትዮ ይዤህ ስወጣ ብታይ ምን ትላለች? ደረጃው ላይ የምትተወውን ጭቃ ማን ይጠርጋል?»

ጭቃ መጥረግ የማን ሥራ እንደሆነ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሦስተኛው ጊዜ ግን ምክንያት እንኳ አልሰጠኝም። ጽዋውን ይዞ በፊቴ ሲያልፍ ወደ ግድግዳው ነበር የሚያየው። ከሴቶቹ አንዷ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች፣ ፓሪዮሊ ሰፈር ልጆች የምትጠብቅ ወጣት፣ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። «አጅሬ» አለችኝ፣ «ለማርያም የምትደግስላት ከውሃው በላይ ነው ወይስ ከውሃው በታች?» ሰዉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

ያላወቁት ነገር ቢኖር እኔ ጽዋውን የፈለግሁት ለክብር አልነበረም። ዕዳ ነበረብኝ፣ የስለት ዕዳ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ቀበሌ እስር ቤት ውስጥ ነበርኩ። ፖለቲካ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ወረቀት ማንበብ የማይችል ሰው ምን ወረቀት ይበትናል? ግን ታሰርኩ። ከኔ ጋር የነበሩትን እየጠሩ ያወጧቸዋል፤ የወጣ አይመለስም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ «ልደታ፣ ከዚህ ካወጣሽኝ ጽዋሽን አንሥቼ ዝክርሽን አዘክራለሁ» አልኩ። አንድ ጠዋት «ሂድ» አሉኝ። ለምን እንደለቀቁኝ ዛሬም አላውቅም። አብረውኝ የነበሩት አልተለቀቁም። ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ መርከብ ላይ ሰሐን አጣቢ ሆኜ ጄኖቫ፣ ከጄኖቫ ሮም። ስለቱ አብሮኝ መጣ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ስለት የሚነገረው ሲደርስ ነው ብዬ። አንድ ሰው በሕይወት የወጣበትን ቃል ሳያደርስ ቁጭ ብሎ እንጀራ ሲበላ ምን እንደሚሰማው፣ ያልተሳለ ሰው አያውቀውም።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ አንድ ሕማማት ላይ ዋለ። ስለዚህ የሚያዝያው ማኅበር ለዳግማይ ትንሣኤ ተላለፈ። እንደ ወትሮው አምስተኛ ፎቅ ወጣን። ጫማዬን ከታች በር ላይ አውልቄ፣ ደረጃውን በካልሲ ነው የወጣሁት። የፎቁ ዘበኛ ሴትዮ ብቅ ብላ እግሬን አየች፤ እኔም አየኋት። ተበላ፣ ተጠጣ። ሙሴ ጽዋውን ከደጋሿ ተቀብሎ ዓይኑን በሰዉ ላይ ማዞር ሲጀምር ተነሣሁ።

«ለኔ ነው» አልኩ።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ሰው አትረብሽ።»

«አልቀመጥም። የሚመጣው ወር ግንቦት ነው። ግንቦት ልደታ የት ነው የምትከበረው?»



«የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። ቤት ውስጥ ነው?»

የማያውቅ አልነበረም። ግንቦት አንድ ልደታ የምትከበረው ደጅ ነው። ዛፍ ሥር፣ ምንጭ ዳር፣ ከአጥር ውጭ። እሳቱ ደጅ ይነዳል፣ ንፍሮው ደጅ ይቀቀላል፣ የተረፈው ወደ ቤት አይገባም። እመቤታችን የተወለደችው ወላጆቿ ከቤታቸው ወጥተው ሊባኖስ ተራራ ላይ ሳሉ ስለሆነ ነው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ግን ሮም ከገቡ ጀምሮ የደጁን በዓል አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ዘግተው፣ በጋዝ ምድጃ ንፍሮ ቀቅለው ነበር የሚያከብሩት። ትክክል እንዳልሆነ በልቡ የማያውቅ አልነበረም፤ በአፉ ያወጣው ግን የለም።

ባለምላሷ ልጅ ናት የጀመረችው። «እውነቱን ነው። አምና በረንዳው ላይ ተራ በተራ እየወጣን አንዳንድ ጭብጥ በልተን፣ ደጅ ነው ተባባልን።»

«በረንዳ ደጅ ነው» አለ ሙሴ።

«የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበት ነበር» አለች።

ያን ጊዜ እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እማማ የምንላቸው በዕድሜ ታላቃችን፣ የአንድ ሐኪም ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ናቸው። አሠሪዎቻቸው ከአብዮቱ በፊት አገራቸው ሲመለሱ ይዘዋቸው የመጡ። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ማንም አያቋርጣቸውም።

«እኔ በዕድሜዬ» አሉ፣ «ግንቦት ልደታ ጣራ ሥር ስትከበር ያየሁት እዚህ አገር ነው። ደግ አልሠራንም። አንተ የት ልታደርገው አስበሃል፣ ልጄ?»

«ወንዙ ዳር፣ የምሠራበት፣ እማማ። ፖንቴ ሮቶ ፊት ለፊት። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ አደርገዋለሁ።»

ሙሴ ጣልቃ ገባ። «እሺ፣ ደጅ ይሁን። ደጅ ማለት ግን ድልድይ ሥር ማለት አይደለም። ያውም ዘንዶ የተቀረጸበት። በዓይኔ አይቼዋለሁ። የማርያምን ጽዋ ዘንዶ ሥር?»

«የጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ከፈረሱ እግር ሥር ያለው ምንድን ነው?» አሉ እማማ። «ስንሳለመው ኖረን የለም? ድንጋይ ላይ ያለ ዘንዶ ማንን ነክሶ ያውቃል?»

ሳቅ ተነሣ። ሙሴ አልሳቀም። ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠና፣ ከወትሮውም ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«እናንተ ትስቃላችሁ። ነጠላ ለብሰን አደባባይ ብንቀመጥ ማን እንደሚያየን ታውቃላችሁ? የመንግሥት ዓይን እዚህም አለ ይባላል። ፎቶ ይነሣል፣ አዲስ አበባ ይደርሳል። እኔ እዚያ እናት አለችኝ። ቀበሌ ጠርቶ ልጅሽ ከነማን ጋር ነው የሚሰበሰበው ቢላት ምን ትመልሳለች?»

 እዚያ እናት የሌለው፣ እህት የሌለው ሰው አልነበረም። እውነት ለመናገር፣ ከመጀመሪያው ይህን ቢለኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ ያለ ሰው አይናቅም። ጭቃ ከሚለኝ ፈራሁ ቢለኝ ምን ነበረበት?

ሳልፈልግ ተናገርኩ። «ቀበሌ ለኔ አይንገሩኝ፣ ሙሴ። እኔ የተሳልኩት እዚያው ቀበሌ ውስጥ ሆኜ ነው። ከዚህ ካወጣሽኝ ዝክርሽን አዘክራለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ሰባት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሦስት ጊዜ የዘለሉት እኔን አይደለም።»

 እማማ ተነሥተው ጽዋውን ከጠረጴዛው አነሡና ሙሴ እጅ ላይ አስቀመጡት። «በል ስጠው። የስለት ሰው ከልክለህ በሰላም አታድርም።»

ሰጠኝ። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ፤ እልል ተባለ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። «ውሰድ» አለኝ፣ «እኔ ግን አልመጣም።»

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በማኅበሩ ሥርዓት ደጋሹ ጽዋውን ለሚቀጥለው የሚያስረክበው ሙሴ ባለበት፣ ሙሴ መርቆ ነው። እሱ ከሌለ ርክክቡ አይጸናም፤ ዝክሩም እንደ ዝክር አይቆጠርም፤ ምሳ አብልተህ ሸኘህ ማለት ነው። ስለቴ በሱ እግር ላይ ታሰረ። አውቆ ነው ያደረገው።

ድግሱን ጀመርኩ። ለንፍሮ የሚሆን ሙሉ ስንዴ ሮም ውስጥ የሚሸጠው ለዶሮ መኖ ነው። ከረጢቱን ተሸክሜ ስወርድ ካፖው አየኝ።

«ዶሮ ልታረባ ነው እንዴ፣ እዚህ?»

«ለማርያም ነው።»

«ማዶና ስንዴ ትበላለች?»

«ልደቷ ነው።»

አሰበ፣ አሰበና ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። «አሎራ፣ እንግዲያው ልደቷ ከሆነ» አለና ቅጥራን የሚያቀልጡበትን ባለሦስት እግር ብረት ከባራካው አውጥቶ ሰጠኝ። በዓሉ የሚውልበት ሐሙስ ከሰዓት ሥራ እንደማይኖርም ነገረኝ፣ ሳልጠይቀው። ሽምብራና ባቄላ ከገበያ ገዛሁ። ጌሾውን እማማ ሰጡኝ፤ ጠላውን በላስቲክ ጀሪካን ጠመቅሁት። ባራካዋ ውስጥ ከጀሪካኑ ጋር አብረን ነበር የምናድረው፤ እሱ ሲፈላ እኔ ስገላበጥ።

በበዓሉ ሳምንት ከላይ ዝናብ ጣለና ወንዙ አበጠ። መንገዱ ላይ ወጣ። ውሃው የፖንቴ ሮቶን እግር ሲመታ ለሁለት ተሰንጥቆ አረፋ እየደፈቀ ያልፋል፤ ትልልቅ ግንድ ይዞ ይመጣና ያላትመዋል። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት። አዘንኩለት ብል ውሸት ነው። ከዚያ ድንጋይ የተማርኩት ነገር ካለ፣ ውሃ ይወርዳል። ወረደም። ጭቃውን ተወልኝ። ጠራረግሁት፣ በባልዲ ውሃ አጠብሁት፣ ደግሜ አጠብሁት። ያን ዕለት ከድልድይ እስከ ድልድይ ከኔ ደጅ የነጣ ድንጋይ አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት ሴቶቹ በደረጃው መውረድ ጀመሩ፣ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው። ነጠላቸውን በቦርሳ ይዘዋል። ከወረዱ በኋላም ቦርሳውን ታቅፈው ቆሙ። እሳቱ ይነዳል፣ ንፍሮው ይንተከተካል፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ግን ለቅሶ ቤት ይመስል ዝም ብሏል። እማማ ዙሪያቸውን አዩ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ነጠላቸውን አውጥተው በፀሐዩ ላይ አራገፉትና ተከናነቡ። ከዚያ ባለምላሷ ልጅ። ከዚያ ሌሎቹ። ግንቡ ሥር ድንገት ነጣ።

ሙሴ አልመጣም። «ጥቂት እንጠብቅ» አሉ እማማ። ጠበቅን።

«የብረቱ ድልድይ ላይ ያ ሰውዬ ምንድን ነው የሚያየው?» አለች ልጅቷ።

ቀና አልን። ኮፍያ ያደረገ፣ ጥቁር መነጽር ያጠለቀ ሰው የድልድዩን ብረት ተደግፎ ቁልቁል ያየናል። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ማውረድ ጀመሩ። እማማ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው ተመለከቱ።

«ትከሻውን አውቀዋለሁ» አሉ። «ሙሴ ነው።»

ተጣሩ። የግድቡ ውሃ ጩኸት ድምፃቸውን ዋጠው። ማማሰያውን ለልጅቷ ሰጥቼ ደረጃውን ወጣሁ።

አጠገቡ ስደርስ አልዞረም። ድልድዩ በቱሪስት ተሞልቷል፤ ሁሉም ካሜራ ደግኗል፤ የሚያነሡት ቅስቱን ነው። እኛ ከቅስቱ ጀርባ፣ ከታች፣ ትንንሽ ነጫጭ ሆነን እንታያለን።

«ሁሉም ፎቶ እያነሣ ነው» አለኝ።

«ድንጋዩን ነው የሚያነሡት።»

«እናንተም ትገባላችሁ እኮ።»

«እንግባ። ምን ስንሠራ ነው የምንገባው? ስንዴ ስንቀቅል። ሰው እየጠበቀ ነው፣ ሙሴ፤ ይውረዱ።»

«እዚህ ሆኜ ባይ አይበቃም? በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጸንቷል እላለሁ።»

«አይበቃም። ሥርዓቱን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

 እጁ ብረቱን አጥብቆ እንደያዘ አየሁ። እናቱ ትዝ አለችኝ፤ አላውቃትም፣ ግን ትዝ አለችኝ። ያም ሆኖ ልለቀው አልፈለግሁም።

«ስሙኝ» አልኩት። «አልለምንዎትም። ካልወረዱ ጽዋውን ይዤ ሁሉንም ከነነጠላቸው፣ ከነእልልታቸው እዚህ አመጣቸዋለሁ። መሀል ድልድይ ላይ፣ አውቶቡሱ እየቆመ፣ እዚሁ ያስረክቡናል።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ታደርገዋለህ አንተ።»

«አደርገዋለሁ።»

ከፊቴ ቀድሞ ወረደ። ደረጃው ከዝናቡ የተረፈ ጭቃ ነበረበት፤ ደረጃ ለመጥረግ ጊዜ አላገኘሁም ነበር። የተወለወለው ጫማው ምን እንደመሰለ አልጽፍም።

ሲደርስ እማማ አዩትና «ሙሴ ባሕር ከፍሎ ተሻግሯል ይባላል» አሉ፣ «አንተን ደረጃ ለማስወረድ ይህን ያህል?» እንዲያ የሳቀ ሰው በዚያ ዓመት አላየሁም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጸሎቱን አደረሰ። ድምፁ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየቆየ ከውሃው ጩኸት በላይ ተሰማ።

ንፍሮው ተቆነጠረ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ሴቶቹ ከንፍሮው ወደ ውሃው ዳር በተኑ፤ ወፎቹ ከቅስቱ አናት ተነሥተው መጡና ተጣሉበት። በዚያ መሀል አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ዳቦ በከረጢት ይዛ በደረጃው ስትወርድ አየን። ያ ዓመት የአገራችን ረሃብ በየቴሌቪዥኑ የሚታይበት ነበር። ከላይ ሆና አይታናለች፤ ጥቁር ሰዎች፣ ነጭ ጨርቅ፣ ድልድይ ሥር፣ የተቀቀለ ስንዴ። ከረጢቱን ዘረጋችልን፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ማንም እጁን አልዘረጋም። ባለምላሷ ልጅ ተነሥታ፣ ጥርት ባለ ጣልያንኛ፣ «ሲኞራ፣ አልተራብንም። ልደት ነው። ይቀመጡና ይብሉ» አለቻትና ንፍሮ በሁለት እጇ ሰጠቻት። አሮጊቷ ቆማ በላች። ዳቦዋን መልሳ ይዛ ሄደች፤ ስትሄድ ግን እጇን አውለብልባልን ነው።

ፀሐይ ከግንቡ በላይ ብቻ ሲቀር ጽዋውን አነሣሁ። ተረኛዋ ያቺው ልጅ ነበረች። ሙሴ መሀላችን ቆመ፣ መረቀ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዝክርህ ዝክር ነው። ስለትህን ትቀበልልህ» አለኝ። አሜን አልኩ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ከዚያ በኋላም ወዳጅ አልሆንንም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ እጅ እንነሳሳለን፣ እንተላለፋለን። ይቅር አልከው ወይ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የጠየቅሁት ተራዬን ነበር።

ተራዬ ተራ ተብሎ የተቆጠረውና ስለቴ የደረሰው ሐሙስ፣ ግንቦት 1 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው።